ቪዲዮ ኮሉን ለጊዜው ተዉት፣ በቮይስ ጀምሩ፦ ከአራተኛ ክፍል ልጆቼ ጋር የሞከርኩት የእንግሊዝኛ ልውውጥ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፣ ዝርዝሩ ከዚያ ይመጣል። ልጆችን በቴክኖሎጂ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላችሁ ካሰባችሁና በእጃችሁ ያለው አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ፣ አፕ ከመግዛታችሁም ቪዲዮ ኮል ከመሞከራችሁም በፊት የቴሌግራም ቮይስ ሞክሩ። ሌላ አገር ካለ አንድ ክፍል ጋር። በተለይ ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ካልሆነ ክፍል ጋር። ይህን የምለው ዘንድሮ ከ52 ልጆች ጋር በየሳምንቱ ሠርቼበት ነው።

የማስተምረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አራተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረውታል። ፊደሉን ያውቃሉ። ከሰሌዳ ላይ ሳይሳሳቱ ይገለብጣሉ። ጠዋት ገብታችሁ “ሃው አር ዩ?” ስትሏቸው 52ቱም በአንድ ዜማ “አይ ኤም ፋይን፣ ቴንክ ዩ ቲቸር፣ ኤንድ ዩ?” ይላሉ። ያቺን ዜማ ሁላችንም እናውቃታለን፤ እኛም ብለናታል። ግን አንዱን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ ትናንት ማታ ምን እንደበላ በእንግሊዝኛ ብትጠይቁት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቃሉ ጠፍቶበት አይደለም። “ራይስ”ንም “ብሬድ”ንም ያውቃል። ነገር ግን እስከዛሬ መልሱን ከልቡ ፈልጎ የጠየቀው ሰው የለም። እኔ ራሴ ስጠይቀው ግሱን አስተካክሎ መናገሩን ለማየት እንጂ እራቱን ለማወቅ እንዳልሆነ ያውቃል። ልጅ ይህን ይለያል።

እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ ሲገባ ሁለተኛ ደረጃ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ እኛ ጥያቄውን ደብተራችን ላይ ጽፈን ሳንጨርስ “ቬሪ ጉድ” ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ማንም ሳይመልስላት። ምስሉ ያምራል፣ እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ ግን አትሰማንም። ዛሬም አንድ አፕ ወይም አንድ አገልግሎት ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ልጁ ሲናገር የሚሰማው ማን ነው?

ብዙ ወላጆች ስለሚጠይቁኝ ከካን አካዳሚ ኪድስ ልጀምር። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም፤ ልጁ እየተጫወተ ሳለ ድንገት የማይሆን ነገር ብቅ አይልበትም። የተሠራው ከ2 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነው። ታሪኮችን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው የሚነበበው ቃል አብሮ ይደምቃል፣ ቀድማችሁ ያወረዳችኋቸውን መጻሕፍት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ በእናቷ ስልክ ትጠቀምበታለች። ስታዳምጥ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቀለማትን፣ እንስሳትን፣ ቁጥሮችን ከእኛ ሳይሆን ከዚያ ነው የለቀመችው። ለቤት፣ ለትንንሾቹ፣ ሳላመነታ እመክረዋለሁ። ለእኔ ተማሪዎች ግን አይሆንም። አንደኛ 52 ናቸው። ሁለተኛ ሥዕሎቹ ለአሥር ዓመት ልጅ የሕፃን ይሆኑበታል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ እየሰማ ለሚያድግ ልጅ የታሰበ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ኮዲ የሚባል ደስ የሚል ድብ አለ። ኮዲ ግን የእህቴን ልጅ አያውቃትም። የፊት ጥርሷ ትናንት እንደወለቀ አይጠይቃትም።

ልጆች ከቴክኖሎጂው ጋር መላመድ አይከብዳቸውም፤ በዚህ በኩል ሥጋት አይግባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች የእንግሊዝኛ ፊደል መለማመጃ የተጫነባቸው ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ፣ በካርቶን እንደታሸጉ ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኙት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም የኤቢሲ መዝሙር ይዘምሩ እንደነበር ተናግሯል። እኔ አምነዋለሁ። የእኔም ልጆች ስልኬን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ኤቢሲን መዘመር ሌላ፣ ሰው ማናገር ሌላ።

የሚከፈልበት የኦንላይን አስጠኚም አይቻለሁ። ስሙን አልጠቅስም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ውጭ ያለ ወንድሟ በዶላር ካርድ ከፍሎላት ለልጇ ያስጀመረችው ነው። አስተማሪው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ልጁ በየሳምንቱ ስሙንና ዕድሜውን እንደ አዲስ ይናገራል። ሁለት ወር ሄደና ተውት።

አሁን ወደ ቪዲዮ ኮሉ። አምና ነው። አንድ የማውቀው ሰው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ አገር ልጆች ጋር አገናኘን። በኢንተርኔት ልንገናኝ ነው ስላቸው ልጆቹ ሦስት ቀን አልተኙም ማለት ይቻላል። የቀጠሮው ቀን ዩኒፎርማቸው ታጥቦ ተተኩሷል፣ ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተዋል፣ አንዱ ጫማውን ቀለም አስቀብቶ መጥቷል። ላፕቶፑን ከዳይሬክተሯ ቢሮ አመጣሁ፣ ፕሮጀክተር ተዋስን። ኔትወርኩ ይይዛል፣ ይለቃል። ፊታቸው ይመጣና ይደርቃል። ሲናገሩ ደግሞ ፈጥነው ነው፣ ልጆች ናቸውና ማን ይቆጣቸዋል። አንዱን ልጅ ከፊት አስቀምጬዋለሁ። “ዋት ኢዝ ዩር ኔም?” አለችው አንዲት ልጅ። “የስ” አላት። “ዋት ኢዝ ዩር ፌቨሪት አኒማል?” “የስ።” ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ስሙን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጓደኞቹ ሁሉ ከኋላው እያዩት፣ ፈረንጅ ከፊቱ እያየው፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ መልስ ቶሎ ስጥ ሲባል አእምሮው ተዘጋ። በ11ኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዷ “ቲቸር፣ አዩን እንዴ?” አለችኝ። ያን ልጅ ለሳምንት ያህል እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ቪዲዮ የትም አይሠራም እያልኩ አይደለም። ኡራጓይ ሴይባል ኤን ኢንግሌስ የሚባል ፕሮግራም አላት፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በሳምንት አንዴ በትልቅ ስክሪን ከሌላ ቦታ ሆኖ የሚያስተምራቸው የእንግሊዝኛ አስተማሪ አላቸው፤ አንዳንዱ አርጀንቲና ነው ያለው፣ አንዳንዱ ፊሊፒንስ። በቀሩት ሁለት ክፍለ ጊዜያት ያንኑ ትምህርት የሚያስቀጥለው የክፍሉ መምህር ነው፣ ያውም እንግሊዝኛ በደንብ ላይችል ይችላል። በጣም የምወደው ሐሳብ ነው፣ ምክንያቱም መምህሩን አያስወጡትም፤ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይማራል። ግን ኡራጓይ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለየመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪው ላፕቶፕ ካደለች፣ ትምህርት ቤቶቹንም በኢንተርኔት ካገናኘች በኋላ ነው። መስመሩ አስቀድሞ ተዘርግቷል። እኛ ባለን ነገር ነው መጀመር ያለብን።

ክረምት ላይ አንድ የመምህራን የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ አጋር ክፍል እንደምፈልግ ጻፍኩ። ቱርክ፣ ኮንያ ከተማ የምታስተምር አንዲት መምህርት መለሰችልኝ። አራተኛ ክፍል፣ 31 ልጆች። እነሱም እንደእኛ እንግሊዝኛን በክፍል ውስጥ ብቻ የሚሰሙ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ኢ-ትዊኒንግ የሚባል ትምህርት ቤቶችን የሚያጣምር መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ፣ የቱርክ መምህራንም በብዛት ይሳተፉበታል፤ ኢትዮጵያ ግን ውስጡ ስለሌለች በዚያ መሥራት አልቻልንም። ለእኛ ክፍት የሆነው አይ-ኧርን የሚባለው ሌላ መድረክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የኒውዮርክና የሞስኮ ትምህርት ቤቶችን በማገናኘት የጀመረ ነው፣ ያኔ ኢሜይልን የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር። ትንንሽ ልጆች የአሻንጉሊት ድብ በፖስታ ተለዋውጠው፣ እንግዳው ድብ የዋለበትን በድቡ ስም እየጻፉ ለባለቤቶቹ የሚልኩበት ፕሮጀክት አላቸው። ሐሳቡን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ድብ በፖስታ ለመላክ አቅሙ ስለሌለን በድቡ ፋንታ ድምፅ እንላላካለን ተባባልን።

አሠራሩ ቀላል ነው። 52ቱን ልጆች አራት አራት አድርጌ 13 ቡድን ሠራሁ። ማክሰኞና ሐሙስ የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት የቮይስ ናት። መጀመሪያ የመጣውን በትንሽ ስፒከር ሁላችንም እንሰማለን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ ተረኛ ሁለት ቡድኖች መልሱን ያዘጋጃሉ። ቀረጻው በረንዳ ላይ ነው፣ ከክፍሉ ጫጫታ ውጭ። ከ40 ሴኮንድ አይበልጥም። የአንድ ደቂቃ ቮይስ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ ቪዲዮ ኮል ግን በሰዓት በመቶዎች ሜጋባይት ነው የሚበላው። መብራት ቢጠፋ ምንም አይደለም። ኔትወርክ ከሌለ ቮይሱ እዚያው ይጠብቃል፣ ማታ ቤቴ ስገባ ራሱ ይሄዳል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለእሱ ነው። ቴሌግራም ላይ ማይክሮፎኗን ተጭናችሁ ወደ ላይ ገፋ ስታደርጓት ትቆለፋለች። ተናግራችሁ ስትጨርሱ ታቆማላችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። ካልጣማችሁ ታጠፉታላችሁ። በቃ፣ ይህቺ ናት። ይህቺ ትንሽ ነገር ከየትኛውም አፕ በላይ ሠራችልኝ።

አንዲት ልጅ አለች። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድምፅዋን በእንግሊዝኛ አልሰማሁትም። ተራዋ ደረሰና አባቷ ምን እንደሚሠራ ልትናገር በረንዳ ወጣች። ቀረጸች። “ማይ ፋዘር ድራይቭ ታክሲ።” ሰማችው። ፊቷን አጨፈገገች፣ አጠፋችው። ደገመች። በሦስተኛው ድምፅዋን ከፍ አደረገች። በአምስተኛው “ማይ ፋዘር ድራይቭ ኤ ታክሲ” አለች። ዝም አልኩ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ደግማ ሰማችና፣ “ቲቸር፣ አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ልድገመው?” አለችኝ። በዘጠነኛው “ማይ ፋዘር ድራይቭስ ኤ ታክሲ። ሂ ጌትስ አፕ ኧርሊ” ብላ ላከችው። ያቺን ኤስ እኔ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አክብቤያት ነበር! ቀይ ጠመኔ፣ ነጭ ጠመኔ። እሷ ግን በራሷ ጆሮ አገኘቻት፣ ምክንያቱም ኮንያ ያለ የማታውቀው ልጅ ሊሰማት ነው። ዘጠኝ ጊዜ አንድን ዓረፍተ ነገር ማለት ሽምደዳ አይደለም። ሰው እንዲገባው ብሎ መልፋት ነው። ቪዲዮ ኮል ላይ ይህ ዕድል የለም፣ አንዴ ከአፍ ከወጣ ወጣ።

ሁለተኛው ያልጠበቅኩት ነገር፣ እነሱም ተማሪ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያውን ቮይስ ስንሰማ የኮንያው ልጅ “ዊንዶው” ለማለት “ቪንዶው” አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ተያዩ። አንዱ እጁን አውጥቶ “ቲቸር፣ ተሳሳተ” አለ፤ በፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ ብታዩት! ለካ ሌላ አገርም እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ልጅ አለ። ቱርክኛ ውስጥ ያ ድምፅ እንደሌለ ነገርኳቸው። እኛስ ስላቸው ያስቡበት ጀመር። “እስኩል” እንላለን፣ “እስቶፕ” እንላለን፣ ፊት ላይ እ እንጨምራለን። የኮንያዎቹም “ስፖርት” ሲሉ በመካከል ሌላ ድምፅ ጨምረው “ሲፖር” ይሉታል። ሁለቱም አገር በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ ሲመጣ ይጨንቀዋል፣ መፍትሔው ብቻ ይለያያል። አሁን ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረማሉ፣ ማንም አያፍርም። ቃላትም አግኝተዋል፦ ሰዓትን እነሱም “ሳት” ይሉታል፣ ሻይን “ቻይ”፣ ፍንጃልን “ፊንጃን”። ይህ ሲታወቅ ክፍሉ ውስጥ የተፈጠረውን ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህር መጥቶ ነው ያስቆመው።

ሦስተኛው፣ የሚያወሩት ነገር መኖሩ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ሰዓት መናገር የሚባል ምዕራፍ አለ፣ ሁልጊዜ በሁለት ቀን የምንጨርሰው። ዘንድሮ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቱርክና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ክረምት ከበጋ። ግን ልጆቼ “ዊ ስታርት ስኩል አት ቱ ኦክሎክ” ብለው ላኩ። ከኮንያ የመጣው መልስ “ኢን ዘ ናይት?” የሚል ነበር። በሌሊት! ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ የእኛን አቆጣጠር ማስረዳት ግድ ሆነ፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀኑ እንደሚጀምር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት የእነሱ ሰባት እንደሆነ። “ፈርስት”፣ “አፍተር”፣ “ሰንራይዝ”፣ “ሲክስ አወርስ ዲፈረንስ”። እነዚህን ቃላት ስጡን ብለው የጠየቁኝ እነሱ ናቸው። ልጅ ቃል ሲጠይቅና ቃል ሲሰጠው ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

የካቲት ላይ ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ሳናቅደው። የኮንያዎቹ ልጆች ስለ ኢፍጣር ላኩ። ሙስሊም ተማሪዎቼ ያን ቀን ተራው የእኛ ነው ብለው በረንዳውን ያዙት፣ ስለ ሳምቡሳና ስለ ቴምር አወሩ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ 55 ቀን ነው፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም ብለው ሲልኩ ከዚያ ወገን “ፊፍቲ ፋይቭ? አር ዩ ሻይል?” የሚል መጣ። “ሹር” ለማለት ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ለማወቅ ስድስት ጊዜ አዳመጥነው። ስድስት ጊዜ በጸጥታ፣ በጉጉት፣ 52 ልጅ። የማዳመጥ ትምህርት ብዬ ቴፕ ሳጫውት እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የበረዶው ነው። ጥር ላይ ከኮንያ አንድ ቮይስ መጣ፣ ንግግር የለውም። ክርች፣ ክርች፣ ክርች ብቻ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ “ጌስ!” አለች። ልጆቼ ገመቱ። ቆሎ የሚበላ ሰው። ፈረስ ሣር ሲግጥ። የሚሰበር ገለባ። ግምቱን ላክን። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ “ኢት ኢዝ ስኖው። ማይ ሹዝ ኦን ስኖው።” በረዶ ላይ የሚራመድ ጫማ ነው። የበረዶ ሥዕል መጽሐፋቸው ላይ አለ፣ “ስኖው” የሚለውንም ያውቁታል፤ ድምፅ እንዳለው ግን ያን ቀን ነው ያወቁት። ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የማስተምረው ሳይሰማ ቀርቶ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዱ ከመቀመጫው ተነስቶ በምልክት ስልኩን ስጪኝ አለኝ። ወደ ጣሪያው ቀሰረው። አርባ ሴኮንድ ቀረጸና በመጨረሻ በጩኸት “ጌስ!” አለ። አምና ቪዲዮ ኮሉ ላይ “የስ” ብቻ ያለው ልጅ ነው፤ ዘንድሮ እየደገመ አብሮን አለ።

የሚያስቸግረውንም ልናገር። ተራ ይረዝማል። በሳምንት አራት ቡድን ነው የሚደርሰው፣ 13ቱን ለመጨረስ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ አንዳንዱ ልጅ “ቲቸር፣ የኛ መች ነው?” እያለ ይደክማል። በረንዳ ላይ ስሆን ክፍል ውስጥ የቀሩትን የሚጠብቅልኝ የለም፣ ስለዚህ ሥራ ሰጥቼ በር ላይ ቆሜ ነው፤ አንድ ዓይኔ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። የበዓላትና የእረፍት ቀናችን አይገጥምም፤ እነሱ ጥር ላይ የሁለት ሳምንት እረፍት ይወጣሉ፣ እኛ ጥምቀትን ልንነግራቸው ተዘጋጅተን ጠበቅናቸው። ስልኩም ዳታውም የራሴ ነው። ይህ ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ ለዚህ የምትሆን አንዲት ስልክ ቢመድቡ ምንኛ ጥሩ ነበር። ቮይሱን ለማዘጋጀት ማታ የማጠፋው ጊዜም አለ። መናገርን ያሳድጋል፣ ማዳመጥንም፤ ጽሕፈትን ግን ብዙም አልነካልኝም፣ እሱን በሌላ መንገድ ነው የምሠራው።

ስለ ልጆቹ ደኅንነት ደግሞ አደራ። እኛ ምስል አንላላክም። የአባት ስም፣ የሰፈር ስም፣ የትምህርት ቤት ስም ቮይስ ውስጥ አይገባም። ልጆቹ እርስ በርስ ስልክ አይለዋወጡም፤ ቮይሱ የሚሄደው ከእኔ ስልክ ወደ መምህርቷ ስልክ ብቻ ነው። ከመጀመራችን በፊት ለወላጆች በአማርኛ ደብዳቤ ጽፌ፣ ዳይሬክተሯ ማህተም አድርጋበት፣ 52 ፊርማ ሰብስቤያለሁ። አንድ አባት “የልጄ ድምፅ የት ነው የሚሄደው?” ብለው መጡ። ልክ ናቸው። አስቀምጬ አሰማኋቸው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለታችንም እንደምናጠፋው ነገርኳቸው። ሲወጡ “እኔስ አንዴ ልናገር አይፈቀድም?” አሉኝ፤ ለካ ወጣት ሳሉ መርከብ ላይ ሠርተው ኢስታንቡልን ያውቁታል። ፈቀድኩላቸው። ልጃቸው ከአጠገባቸው ቆሞ አባቱ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ የሰማበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ከአንድ ቡድን ጀምሩ፣ ከአንድ ጥያቄ። አጋር ስትፈልጉ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ልጆች ካልሆኑ ብላችሁ አትድከሙ። ኬንያም ኡጋንዳም ቢሆን ይሆናል፣ እዚያ እንግሊዝኛው ጠንከር ይላል፤ ግን ለጀማሪ ልጅ እኩያውን ተማሪ ፈልጉለት።

አሁን ሰኔ ደረሰ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ 13 ወር እንዳለን፣ አሥራ ሦስተኛው ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን እንደሆነች ላኩ። ከኮንያ የመጣው ጥያቄ፦ በስድስተኛው ቀን የተወለደ ልጅ ልደቱን መቼ ያከብራል? ክፍላችን ውስጥ ጳጉሜ 6 ቀን 2007 የተወለደ ልጅ አለ። ማንም አያውቅም ነበር፣ እኔም ሮስተሩን አይቼ ነው። “ቲቸር፣ እኔ ልመልስ” አለ። አሥር ዓመቱ ነው፣ ልደቱ ግን በ2011 እና በ2015 ብቻ ነው የመጣው፣ ቀጣዩ 2019 ነው። ይህን ሁሉ በ40 ሴኮንድ፣ በእንግሊዝኛ። ዛሬ ከሰዓት በረንዳ ላይ ሰባት ጊዜ ቀርጾ ሰባቱንም አጥፍቷል። “አይ ሃቭ ቱ በርዝደይስ” የሚለው ላይ ይቆምና፣ አይ፣ እንዲህ ካልኩት ሁለት ዓመቴ ነው ብለው ያስባሉ ይላል። ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት እንሞክራለን ተባብለናል።